የበዛ ስም ምን ይጎዳል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

 

ሰሞኑን እህቴ ልጇን ልታስከትብ ስትሄድ አብሬያት ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። አግዳሚው ወንበር በእናቶች ጢም ብሏል። ካርድ የምታወጣው ልጅ ከመስኮቱ ብቅ ብላ "ትዕግስት!" ስትል ሦስት ሴቶች ተነሡ። የአባት ስም ጨመረችበት፤ አንዷ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ሁለቱ እንደቆሙ ቀሩ። የአያት ስም እንዳትጨምር ካርዱ ላይ አልተጻፈም። "ዕድሜ?" አለች። አንደኛዋ 28፣ ሌላዋም 28። ወንበሩ ላይ ያለነው ሁሉ ሳቅን። በመጨረሻ ሁለቱን የለያቸው የልጆቻቸው ስም ነው። "የሕፃኑ ስም ማነው?" ሲባሉ ሁለቱም እኔ በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀውን ስም ተናገሩ። ካርድ አውጪዋም የሰማችው አልመሰለኝም፤ "በሃሌታው ሀ ነው በሐመሩ?" እያለች ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው። አንደኛውን ስም ጽፋ ደለዘችው፤ ደግማ ጻፈችው።

አንደኛዋ ትዕግስት አጠገቤ ተመልሳ ስትቀመጥ "ስሙን ከየት አመጣችሁት?" ብዬ ጠየቅኋት። "እኔ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ትዕግስት ቁጥር ሁለት ስባል ነው ያደግሁት" አለችኝ። "ልጄ ስሙ ላይ ቁጥር እንዲቀጠልበት አልፈልግም።"

ይህን እያሰላሰልሁ ሳለ ነው ከአንዲት አድማጫችን መልእክት የደረሰን። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል፤ ሴት መሆኗን ሐኪም ነግሯታል። ባለቤቷ "ሶልያና እንበላት" ይላል። እሷ ደግሞ "በእኛ ግቢ ብቻ ሁለት ሶልያና አሉ፤ ስጠራት የጎረቤት ልጅ ናት የምትመጣልኝ" ትላለች። አማቷ ከገጠር ደውለው "አበበች በሏት፣ የእናቴ ስም ነው" ብለዋል። ጥያቄዋ አጭር ነው፦ ስም መብዛቱ ወይም ማነሱ ወላጅን ሊያስጨንቅ ይገባል ወይ? የዛሬው ዝግጅታችን በዚህ ላይ ነው።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

በዚህ ነገር ብዙ የተጨነቀችው አገር አሜሪካ ናት። እዚያ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የጡረታ መሥሪያ ቤት የሕፃናትን ስም በየዓመቱ ከብዛቱ ጋር ያወጣል፤ ዝርዝሩ ወደ ኋላ እስከ 1880 ድረስ ይደርሳል። በነገራችን ላይ በዚህ ክፍል የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1880 ከተመዘገቡት ወንዶች ከመቶው ስምንቱ ያህል ጆን ይባሉ ነበር፤ ከሴቶቹ ከመቶው ሰባቱ ያህል ሜሪ። ዛሬ አንደኛ ደረጃ የያዘው ሊያም የሚባለው ስም ከመቶ ወንዶች አንዱን ያህል ቢያገኝ ነው። አንደኛ የወጣው ስም እንኳ ያን ያህል ሳስቷል ማለት ነው። ወላጆች ከሕዝቡ የተለየ ስም ፍለጋ በየአቅጣጫው ስለተበተኑ ነው።

የሚገርመው ግን ሰው ለብቻው ሲፈልግም አንድ ቦታ ላይ መገናኘቱ ነው። ጄኒፈር የሚለው ስም ከ1970 እስከ 1984 ድረስ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከሴቶች ስም አንደኛ ነበር። "ልጄን እንደ ሁሉም ሰው ልጥራት" ብሎ የተነሣ ወላጅ የነበረ አይመስለኝም፤ ስሙ ለየቤቱ አዲስ መስሎ ነው የታየው። ስታንሊ ሊበርሰን የሚባል የሃርቫርድ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን መርምሮታል። ስም እንደ ልብስ ፋሽን በራሱ ሕግ ይሄዳል ይላል፤ አዲሱ ስም ከዚህ ቀደም ከተወደደው ስም ድምፅ ጥቂት ብቻ ፈቀቅ ብሎ ይመጣል። እኛም ሰፈር ሂዱና ስሙ። ሶልያና መጣች፤ ኤልያና ተከተለች፤ ኤልዳናም አለች። ሦስቱም እናቶች ለየብቻቸው ያገኙት ብርቅ ስም ነው። የሦስቱም መጨረሻ ግን "ና" ነው፤ አንዷን ሲጠሩ ሦስቱም ዞር ይላሉ።

ስለዚህ ያቺ የጤና ጣቢያዋ ትዕግስት ቁጥሩን ከልጇ ስም ላይ አወረደችው ወይስ ለጥቂት ዓመት ብቻ አዘገየችው? ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ይታወቃል።

አሁን ወደ አማቲቱ ስም እንመለስ። አበበችና አበበ፣ ከበደና ከበደች፣ ዘነበና ዘነበች፤ እነዚህ በአያቶቻችን ዘመን እንደ ጤፍ የበዙ ስሞች ነበሩ። አበበ ያን ያህል ከመለመዱ የተነሣ ፊደል ስንቆጥር በሶ ያበላነው እሱን ነው። ዛሬ አንድ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ቆማችሁ "አበበች!" ብላችሁ ብትጣሩ ግን ዞር የሚል ሕፃን የምታገኙ አይመስለኝም። ምናልባት ዞር የሚሉት የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አያት ናቸው። "ሶልያና!" ብትሉ ግን ግማሽ ክፍል ሊወጣላችሁ ይችላል፤ እሺ፣ ግማሽ እንኳ ማጋነን ነው። አድማጫችን ብርቅ ስም ከፈለገች ብርቁን ስም የያዙት አማቷ ናቸው።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እስካሁን ያወራነው የፈረንጅ ሂሳብ ነው። እኛ ዘንድ ስም ሌላም ሸክም አለበት።

ፈረንጁ የቤተሰብ ስም አለው። ጆን ቢበዛ ጆንን ከጆን የሚለየው ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ የቤት ስሙ ነው። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። ሕጉ እንኳ እንዲኖረን ፈልጎ ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም ይኖረዋል ብሎ ደንግጓል። ሕዝቡ ግን አንድም ቀን አልተቀበለውም። የኔ ስም፣ ቀጥሎ የአባቴ፣ ቀጥሎ የአያቴ፤ አለቀ። ሴቷም ስታገባ የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች። ለዚህ ነው የድሮው የስልክ ማውጫ ራሱ በሰው ስም ፊደል ተራ የተደረደረው፤ "ዶክተር በቀለን" ስንል ዶክተሩ በቀለ እንጂ አባቱ አይደሉም። ከእኛ ጋር በዚህ የሚመሳሰሉት በሰሜን አውሮፓ ያሉት አይስላንዶች ናቸው። እነሱም በአባት ስም ነው የሚጠሩት፤ የስልክ ማውጫቸውም በግል ስም የተደረደረ ነበር፤ ስማቸው የሚመሳሰል ሰዎች እንዲለዩ ከስሙ አጠገብ ሥራቸው ይጻፍ ነበር።

ስለዚህ ተመሳሳይ ስም ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባንክ ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ የፈተና ውጤት ሰሌዳ ላይ ያጋጥመናል። አንዱ ታደሰ ከበደ የሌላውን ታደሰ ከበደ የፍርድ ቤት መጥሪያ ተቀብሎ ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል። ቅጹ ላይ "የእናት ሙሉ ስም" የሚል መስመር ያለው ለዚሁ ነው። ይህን ልክድ አልፈልግም። ግን ልብ በሉ፦ ችግሩን የሚያመጣው የልጁ ስም ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ስሞች ሲገጣጠሙ ነው። አባቱ ታደሰ ከሆነ ልጁን ዮናስ ብትሉት ዮናስ ታደሰ ብዙ ነው። የአባቱ ስም ድልነሳው ከሆነ ግን ዮናስ ድልነሳው ሌላ ሰው አይኖርም ለማለት ይቀላል። አባቱ ብዙ ሰው የማይጠራበት ስም ካለው፣ ለልጁ የፈለጋችሁትን የተለመደ ስም ብታወጡ የሚገጥማችሁ ችግር ትንሽ ነው።

ታሪካችንም ይህንኑ ያሳያል። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ሁለት ካሳዎች ኢትዮጵያ ላይ ነግሠዋል። የቋራው ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ የትግራዩ ካሳ ምርጫ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ካሳ በዚያ ዘመን ከተለመዱት ስሞች አንዱ ነበር። ሁለቱን ማን ተሳስቶ አምታታቸው? ማንም። አንዱ የኃይሉ ልጅ ነው፣ ሌላው የምርጫ ልጅ ነው። ዙፋን ላይ ሲወጡ የንግሥና ስም ጨመሩ። በዚያ ላይ የፈረስ ስም አለ፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ። የእኛ ሰው ስም ሲበዛበት ስሙን አይጥልም፤ ሌላ ስም ይጨምርበታል። ዛሬም ሰፈር ውስጥ "ረጅሙ ዮናስ"፣ "የታክሲው ዮናስ"፣ "ዮኒ" ስንል የምንሠራው ያንኑ ነው። የቁጥሩ ነገር፣ ያ "ቁጥር ሁለት"፣ የትምህርት ቤት መምህራን ስንፍና ነው ባይ ነኝ። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ትዕግስት ካለ ብዙ ጊዜ ሦስት የአባት ስም አለ፤ መምህሩ ማስታወስ ካልፈለገ የልጅቷ ጥፋት አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

ካሳን ካነሣን አይቀር፣ ለምን እንዲያ በዛ?

ካሳ ማለት ለጠፋ ነገር የሚከፈል ነው። ከእሱ በፊት ልጅ የሞተበት፣ ወይ አባት ወይ ወንድም የተቀበረበት ቤት አዲስ ሲወለድ ካሳ ይባላል። ካሳሁንም ያው ነው። ምትኩ፣ ማስረሻ፣ ሁሉም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። ሕፃን ያልቀበረ ቤት ማግኘት በሚያስቸግርበት ዘመን እነዚህ ስሞች የበዙት ፋሽን ሆነው አይደለም፤ ሞቱ ስለበዛ ነው። እናቲቱ "ጎረቤት ካሳ አለ፣ የእኔ ሌላ ይሁን" አላለችም። የጎረቤቷም ካሳ የመጣው እንደ እሷ ቀብራ ስለሆነ፣ ስሙን ስትሰማ ጎረቤቷን ታውቃታለች። ስንታየሁ የሚባል ሰው ስታገኙ፣ እናቱ ወይ አባቱ ምን አይተው እንደነበር ሳትጠይቁ አትለፉ። የአማርኛ ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ተናጋሪው ወላጅ፣ ልጁ ደብዳቤው።

በዚያ ላይ ሆን ተብለው የሚበዙ ስሞች አሉን። ኦርቶዶክሱ ወንድ ልጁን በ40 ቀን፣ ሴት ልጁን በ80 ቀን ክርስትና ሲያስነሣ ካህኑ የክርስትና ስም ይሰጣል፤ ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሚካኤል፣ ኃይለ ጊዮርጊስ። አንዲት ደብር ውስጥ ስንት ወለተ ማርያም እንዳለች የሚቆጥር የለም፤ የሚቆጨውም የለም። ቅዳሴ ላይ፣ ፍትሐት ላይ የሚጠራው ይኸው ስም ነው። ሙስሊሙም ልጁን መሐመድ ሲል "ይህ ስም በዝቷል" ብሎ አይተወውም፤ መብዛቱ ራሱ ክብሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝና በዌልስ ከተወለዱ ወንዶች ስም አንደኛ የወጣው መሐመድ ነው። ስሙን ያወጡት ወላጆች ደረጃ ሰንጠረዥ አይተው የመረጡ አይመስለኝም።

አስተውላችሁ ከሆነ አያቶቻችን ሁለቱንም አሟልተው ነበር። በክርስትና ስሟ ልጅቷ ከብዙ ሺህ እኅቶቿ ጋር አንድ ናት፤ በዓለም ስሟ ደግሞ የዚያ ቤት ብቻ ናት። በዚያ ላይ አያቷ ለብቻቸው የሚጠሩበት ስም አለ፣ ጎረቤት የሚያቆላምጥበት አለ። ዛሬ ይህ ሁሉ ሸክም አንድ ስም ላይ ሲጫን ነው ወላጅ እንቅልፍ የሚያጣው። አንዱ ስም ብርቅም፣ ትርጉም ያለውም፣ መንፈሳዊም፣ ለፈረንጅ አፍም የሚቀል እንዲሆን ይፈለጋል። ይህን ሁሉ የሚችል ስም ካገኛችሁ እባካችሁ ለእኛም ላኩልን።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ስለ ፈረንጅ አፍ ካነሣን፣ ብርቅነት እንደ አገሩ መሆኑን አንርሳ። ቶሮንቶ የተወለደውን ዘፋኝ አቤል ተስፋዬን ታውቁታላችሁ፤ ዓለም ብዙ ጊዜ በመድረክ ስሙ ነው የሚያውቀው። አዲስ አበባ ውስጥ አቤልም ተስፋዬም በየመንገዱ የምትጠሩት ስም ነው። ካናዳ ላይ ግን ያ ስም እሱን ብቻ ያመለክታል። ተስፋዬ የአያቱ ስም እንደሆነ፣ እዚያ ግን እንደ ቤተሰብ ስም እንደተያዘ ልብ በሉ። ዋሽንግተን ወይ ፍራንክፈርት የምትወልዱ አድማጮቻችን፣ እናንተ የምትመዘግቡት የልጁን ስም ብቻ አይደለም፤ ለልጅ ልጆቻችሁ የቤተሰብ ስም እየመረጣችሁ ነው። ለእነሱ የሚተርፈው የአያታችሁ ስም ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል እስራኤል የገቡ ወገኖቻችን ብዙዎቹ በተለይ ቤተ እስራኤላውያንን ወደዚያ ከወሰደው የ1977 ዓ.ም. የሙሴ ዘመቻ ጀምሮ ልጆቻቸው በደረሱበት የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። ስሙ የአገሩ የተለመደ ስም ነበር፤ ልጁ እንዲመሳሰል ታስቦ። አድገው የአማርኛ ስማቸውን መልሰው የያዙ አሉ። የተለመደ ስም መስጠት ደግ ሥራ የሚሆነው ሰጪው ቤተሰብ ሲሆን ነው።

ስም ስንሰጥ የማንቆጣጠረው ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ከ6,000 በላይ ሴት ሕፃናት አሌክሳ ተብለው ተመዝግበዋል። በዚያው ሰሞን አንድ ኩባንያ በድምፅ የሚታዘዝ የቤት መሣሪያ ገበያ ላይ አውጥቶ ስሙን አሌክሳ አለው። "አሌክሳ፣ መብራት አጥፊ"፣ "አሌክሳ፣ ዝም በይ"። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚደርስባት አስቡት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስሙ ወደቀ። ወላጆቹ ምን አጠፉ? ምንም። እኛም አለን፤ በ1966 ዓ.ም. ማግስት የተወለደ አብዮት የሚባል ሰው ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ አብዮቱ አልፏል፣ እሱ መታወቂያው ላይ አለ። ሰብለ የምትባል ሴት ደግሞ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ካሳተሙ ወዲህ ወደደችም ጠላችም "በዛብህስ?" እያለ በልብ ወለዱ ውስጥ ስላለው የሰብለ ፍቅረኛ የሚጠይቃት አይጠፋም። ስለ ስም ፋሽን የተሠራ አንድ ሌላ ጥናት አለ፤ በርገርና ለ ሜንስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት፣ የፈረንሳይና የአሜሪካን ስሞች ከመቶ ዓመት በላይ የተከታተለ። በፍጥነት የወጣ ስም በፍጥነት ይወርዳል ይላል። እዚህ ላይ ነው እኔም ጥንቃቄ የምመክረው። ስም በዝቷል ብላችሁ አትፍሩ፤ ትናንት የሌለ ዛሬ በድንገት በየቤቱ የገባ ስም ግን የተወለደበትን ዓመት ግንባሩ ላይ ይዞ ይሄዳል።

(ሙዚቃ በስሱ ከበስተጀርባ)

ወደ አድማጫችን ልመለስና ፍርዴን ልስጥ። እህቴ፣ የስሙ ብዛት መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ መጀመሪያ አታድርጊው። ሶልያናን ባለቤትሽ የሚወደው ምክንያት ካለው፣ ሁለት የጎረቤት ሶልያና ሊያስጥሉት አይገባም፤ ልጆቹ እየተጠራሩ ይለያያሉ። ምክንያቱ "ደስ ይላል" ብቻ ከሆነ ግን አማትሽ ከናንተ ቀድመዋል፤ እሳቸው የእናታቸውን ስም ነው ያመጡት። ያ ስም ቤት ውስጥ የሚጠራው ካጣ ማንም መልሶ አያመጣውም።

አንድ ነገር ግን ሞክሩልኝ፣ የሁላችሁም ቤት። ስሙን ከአባቱ ስም ጋር አድርጋችሁ ከደጅ ላይ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። አያት እንዲጠሩት ስጧቸው፤ እሳቸው አፍ ላይ ካልዞረ ነገም ጎረቤት አፍ ላይ አይዞርም። ወረቀት ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉት፤ ፀሐይ የምትባል ልጅ የክፍል ካርዷ ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቷ ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፋ የምትጉላላውን እናውቃለን። ወንድ ከሆነ ደግሞ ስሙን ሁለተኛ ቦታ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ልጁ አድጎ ሲወልድ ለልጁ የአባት ስም ነው የሚሆነው። ዛሬ የሚያስደስታችሁ ማቆላመጫ ስም የ40 ዓመት ዳኛ ወይም ቄስ አባት ስም ሆኖ ሲነበብ ስሙት። የሴቷ ስም ግን በእኛ አጠራር ወደ ልጇ አይተላለፍም፤ "የእናት ስም" የሚለው መስመር ላይ ብቻ ይቀራል። ይህ ለሌላ ቀን የሚሆን ሌላ ርዕስ ነው።

አትቸኩሉ። አገራዊው የልደት ምዝገባ ከነሐሴ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ ሕጉም ልጁ ከተወለደ በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ ነው የሚለው። ለሴት ልጅ ክርስትና 80 ቀን አለ፤ ለሙስሊሙ ቤት ሰባተኛው ቀን ላይ ዐቂቃ አለ። ሁለት ወር የቀራት አድማጫችን ደግሞ ከሁላችንም የተሻለ ጊዜ አላት። ልጅቷ ስትወለድ ስሟን ጻፉልን፤ ሶልያናም ሆነ አበበች፣ በዚሁ ዝግጅት ላይ እንጠራታለን።

ደኅና እደሩ።

(የመውጫ ሙዚቃ)